“የለም” እና “ዜሮ” ለየቅል ናቸው

ልጆቼ፣ ባሕር ዳር ተቀምጬ ኮድ ስጽፍ ብዙ ዓመት ሆነኝ። ዛሬ ሥራ የምትጀምሩትን ሳይ አንድ ነገር ያሳስበኛል። ሰርቨር (ዳታ የሚያቀርበው ኮምፒውተር) የላከውን ዳታ ሳታዩት ታምኑታላችሁ። እኔም እንዲያው ነበርኩ።

ለገበሬ የእህል ዋጋ የሚያሳይ ዌብሳይት ሠርተን ነበር። የቡሬ፣ የፍኖተ ሰላምና የደብረ ማርቆስ ገበያ ዋጋ ከሰርቨር በጄሰን (JSON፣ ዳታ በጽሑፍ መልክ የሚላክበት አጻጻፍ) ይመጣል። አንድ ጠዋት ከቡሬ አቅራቢያ አንድ አባት ደወሉ። “ልጄ፣ በቆሎው ዜሮ ብር ይላል። አህያዬን ጭኛለሁ፤ ልሂድ ወይስ ላራግፍ?” አሉኝ።

ደነገጥኩ። ስልኩን እንደያዝኩ በብሮውዘሩ የገንቢዎች መሣሪያ ውስጥ ኔትወርክ (Network) የሚለውን ከፍቼ ሰርቨሩ የላከውን አየሁ። ዋጋው ቦታ ላይ ያለው ናል (null፣ “ምንም የለም” ማለት) ነው። የዕለቱ ዋጋ ገና አልተመዘገበም፤ ሰርቨሩም “የለም” ብሎ እውነቱን ነው የላከው። እኔ ግን የመጣውን ሁሉ ወደ ቁጥር እቀይር ነበር። ጃቫስክሪፕት (ብሮውዘር ውስጥ የሚሠራው የኮድ ቋንቋ) ደግሞ ናልን ቁጥር አድርግ ሲሉት 0 ይመልሳል። ስህተት አለ ብሎ እንኳ አይናገርም።

እኛ ከጄሰን በፊት በነበረው የዳታ አጻጻፍ፣ በኤክስኤምኤል (XML) ስለሠራን ጄሰን ሲመጣ እፎይ ብለናል። የሚያውቀው 6 ዓይነት ነገር ብቻ ነው፦ ጽሑፍ፣ ቁጥር፣ እውነት ወይም ሐሰት፣ ናል፣ ዝርዝርና ኦብጀክት (እያንዳንዱ ስም ያለው የዳታ ስብስብ)። ቀን የሚባል ነገር አያውቅም። ለእኛ አገር ይህ ትልቅ ጣጣ ነው። ጳጉሜን 5 ቀን 2016ን እንዳለ “2016-13-05” ብላችሁ ብትልኩት ጃቫስክሪፕት 13ኛ ወር የለም ብሎ አይቀበለውም። ስለዚህ በፈረንጆቹ “2024-09-10” ብላችሁ ላኩት፤ ወደ እኛ አቆጣጠር ስክሪኑ ላይ ቀይሩት።

ስልክ ቁጥርም በቁጥር መልክ አይላክ፤ ከፊት ያለው 0 ይጠፋል። ረጅም መለያ ቁጥርም እንደዚያው ነው። ከ9,007,199,254,740,991 ካለፈ ጃቫስክሪፕት የመጨረሻዎቹን አሃዞች ሊያዛባቸው ይችላል። በጥቅስ ውስጥ፣ እንደ ጽሑፍ ይምጣ። ፌች (fetch፣ ከሰርቨር ዳታ የሚያመጣው የጃቫስክሪፕት ትእዛዝ) የምትጠቀሙ ደግሞ ሰርቨሩ 404 (“የተጠየቀው አልተገኘም”) ወይም 500 (“ሰርቨሩ ውስጥ ስህተት አለ”) ቢመልስም ፌች እንደ ስህተት እንደማይቆጥረው ልብ በሉ። ጄሰኑን ከመክፈታችሁ በፊት መልሱ የተሳካ መሆኑን ራሳችሁ አረጋግጡ።

ከምንም በላይ ግን ኮድ ከመጻፋችሁ በፊት ጥሬውን መልስ ቁጭ ብላችሁ አንብቡት። ቁጥሩ በጥቅስ ውስጥ ነው? አንዳንዴ የሚቀር ፊልድ (እንደ “ዋጋ” ያለ የዳታ ክፍል) አለ? ባዶ ሲሆን ምን ብሎ ይመጣል? የሰርቨሩን ክፍል የሚሠራውን ልጅ ጠይቁት፤ አትፈሩ።

አባታችንን ትንሽ እንዲታገሡኝ ለምኜ በዚያው ሰዓት አስተካከልኩት። አሁን ዋጋ ሳይገባ ሲቀር ስክሪኑ “የዛሬው ዋጋ አልደረሰንም” ይላል፤ ከሥሩ የመጨረሻው ዋጋ ከነቀኑ ይታያል።