በአማርኛ ኮድ የሚጻፍበት ሶፍትዌር፦ ከሐዋሳ የተሰጠ መልስ

አዳማ ላይ ተማሪዎች በአማርኛ ትዕዛዝ ኮድ የሚጽፉበት ሶፍትዌር ጀምረህ «ሲያድግ እንዳይፈርስብኝ ከአሁኑ ምን ላድርግ?» ብለህ ለጠየቅከው ወንድሜ፦ እኔም ሐዋሳ ላይ ያንኑ ሠርቻለሁ፤ ሦስት ዓመቴን በልቷል።

1ኛ፦ ኤክስቴንሽን (በሶፍትዌርህ ላይ ተጨማሪ ሥራ የሚጨምር ቅጥያ) የሚጽፉልህን ሰዎች ሳሎን ተቀበላቸው፤ ጓዳ አታስገባቸው። የኢንተርኔት አሳሹ የፋየርፎክስ የድሮ ኤክስቴንሽኖች የአሳሹን የውስጥ አካል እንደ ልባቸው ይነካኩ ነበር። ውስጡ በተሻሻለ ቁጥር የሰው ሥራ ይሰበራል። እ.ኤ.አ. በ2017 በ57ኛው ስሪት የድሮዎቹን በሙሉ እስከ መተው ደረሱ። ኮድ መጻፊያው ቪኤስ ኮድ ግን ኤክስቴንሽኖችን ለብቻቸው በተለየ ፕሮሰስ (ራሱን ችሎ በሚሄድ ፕሮግራም) ያሠራቸዋል።

2ኛ፦ በምታስቀምጠው ፋይል የመጀመሪያ መስመር ላይ የስሪት ቁጥር አኑር፤ ዛሬውኑ። እኔን ያቃጠለኝ ይህ ነው።

ውጤት የሚያሳየው ትዕዛዜ «ጻፍ» ነበር። ከተማሪዎቹ ገሚሱ «ፃፍ» ብለው ይጽፋሉ። ለጆሮ አንድ ነው፤ በዩኒኮድ (ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር በሚሰጥበት ሥርዓት) ግን ሁለቱ ፊደላት የተለያየ ቁጥር አላቸው። አንዲት ልጅ ያንኑ መስመር ሙሉ ክፍለ ጊዜ እየደለዘች ስትጽፍ ቆይታ፣ ጥፋቱ የእሷ መስሏት አለቀሰች። አንጀቴን በላችው። ሌሊቱን ሳልተኛ ትዕዛዙን «አሳይ» አልኩት። በማግስቱ የቀድሞ ሥራዎች በሙሉ አልከፈት አሉ፤ ፋይሉ ውስጥ ያስቀመጥኩት ቃሉን ራሱን ነበርና። አንተም እንደዚያው እያደረግክ እንደሆነ እገምታለሁ።

ሥራውን ያዘዘኝ ማሠልጠኛ የመጨረሻውን ክፍያ ያዘብኝ። ኃላፊው ሦስት ቀን አመላልሶኝ፣ ወንበር እንኳ ሳይጋብዘኝ «የልጆች መጫወቻ ነው» አለኝ። ፋይሎቹን የዘጋሁት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ያ ንግግር ግን እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል፤ ሦስት ዓመት የለፋሁበት ሥራ መጫወቻ አይደለም።

ከዚያ ለእያንዳንዱ ትዕዛዝ ቋሚ ቁጥር ሰጠሁ። ማሳየት 7 ነው፤ ፋይሉ የሚያስቀምጠው 7ን ብቻ ነው። ተማሪው «ጻፍ» ቢል፣ «ፃፍ» ቢል፣ «አሳይ» ቢል ያው 7 ነው። አንድ ትዕዛዝ ቢቀር እንኳ ቁጥሩ ከእሱ ጋር ይቀራል እንጂ ለሌላ አይሰጥም። የስሪት ቁጥር የሌለውን ፋይል ሶፍትዌሩ «ስሪት 0» ብሎ ተቀብሎ ወደ አዲሱ ያሸጋግረዋል። በኋላ አንድ ትምህርት ቤት በሲዳሙ አፎ (በሲዳማ ቋንቋ) ሲፈልገው፣ በላቲን ፊደል የተጻፈ የቃላት ሰንጠረዥ ብቻ ጨመርኩ፤ ሰኞ ጀምሬ ረቡዕ አስረከብኩ። ሌላ አንድም መስመር አልነካሁም።

የዚያች ልጅ ፋይል አሁንም እኔ ዘንድ አለ። አዲስ ስሪት ከመልቀቄ በፊት መጀመሪያ የምከፍተው እሱን ነው።