«ገና አልዳንኩም» እያልኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ

ጥያቄ፦

«የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ለሰባት ዓመት የቆየው ትዳሬ ከፈረሰ ሦስት ዓመት ሆነው። የቀድሞ ባለቤቴ አይሳደብም፣ አይማታም፤ ሲያኮርፍ ግን ሁለትና ሦስት ሳምንት አያናግረኝም ነበር። ምን እንዳጠፋሁ ሳላውቅ ይቅርታ እለምነዋለሁ። ከተለያየን በኋላ ራሴን ለማዳን ወሰንኩ። በየምሽቱ የሚሰማኝን እጽፋለሁ፤ ስለ ሥነ ልቦና ብዙ አንብቤአለሁ፤ ሰላሜን የሚነሱኝን ሰዎችም ከሕይወቴ አስወጥቻለሁ። ከእነሱ አንዷ ታላቅ እህቴ ናት። በፍቺው ሰሞን ‹አንቺም እኮ አስቸጋሪ ነሽ› ስላለችኝ እስከ ዛሬ አላናገርኳትም። ደውላም፣ መልእክት ልካም ሰለቻት። በቅርቡ ደግሞ አንድ ጥሩ የሥራ ባልደረባዬ ሊቀርበኝ ይፈልጋል፤ እኔ ግን ገና አልዳንኩም እያልኩ እሸሸዋለሁ። ራሴን በደንብ ያወቅኩ ይመስለኛል፤ ታዲያ ለምንድን ነው እንዲህ ብቸኝነት የሚሰማኝ? የምድነውስ መቼ ነው?»

መልስ፦

ውድ እህቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር። መዳንን አንድ ቀን የሚደረስበት፣ ከዚያ በኋላ ከሰው ጋር መኖር የሚፈቀድበት ደረጃ አድርገሽ የያዝሽው ይመስለኛል። እኔ እንደዚያ አላየውም። የተጎዳሽው ከሰው ጋር ስትኖሪ ነው። ብቻሽን ሆነሽ ብዙ ነገር ልትረጂ ትችያለሽ፤ በሰው ላይ ያጣሽውን እምነት ግን ያለ ሰው መልሰሽ አታገኚውም።

ይህን ስል ያለፉት ሦስት ዓመታት ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። ለዓመታት የሌላውን ፊት እያነበበ፣ ዛሬ ምን ሆኖ ይሆን እያለ የኖረ ሰው መጀመሪያ የሚያስፈልገው ማንም የማያኮርፍበት ቤት ነው። የተሰበረ እግር በጄሶ ይታሰራል። ጄሶው ከጊዜው በላይ ሲቆይ ግን ጡንቻው ይሰልላል፤ መራመድም እንደ አዲስ ያስፈራል። አንቺ አሁን ያለሽው እዚያ ላይ ይመስለኛል።

ስለ ማስታወሻ ደብተርሽ ላንሳ። መጻፍ ይጠቅማል፤ መጠን ግን አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ጄምስ ፔኔቤከር ከአንዲት ባልደረባቸው ጋር እ.ኤ.አ. በ1986 ባሳተሙት ጥናት፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የደረሰባቸውን ከባድ ነገር ለአራት ተከታታይ ቀናት፣ በየቀኑ 15 ደቂቃ እንዲጽፉ አድርገው ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አብረው የጻፉት ተማሪዎች በቀጣዮቹ ወራት ወደ ጤና ማዕከል የሄዱት ከሌሎቹ ባነሰ ቁጥር ነው። አራት ቀን ነው እንግዲህ። ፔኔቤከር በኋላ ላይ የሰዎችን ጽሑፍ ሲመረምሩ ደግሞ ይበልጥ የተጠቀሙት ታሪካቸው ከቀን ወደ ቀን እየተለወጠ የሄደ፣ «ምክንያቱም»፣ «አሁን ገባኝ» የመሳሰሉ አነጋገሮች እየበዙ የመጡላቸው ሆነው አገኟቸው። ያንኑ ቁጭት በየቀኑ የሚደግም ሰው ያን ያህል አይጠቀምም።

ራስን መመርመርና ማብሰልሰል ከውጭ ሲያዩአቸው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም ሰውን ለብቻው ያስቀምጡታል፤ ሁለቱም ሥራ የበዛበት ያስመስሉታል። ሱዛን ኖለን-ሆክሲማ የተባሉ ተመራማሪ ለብዙ ዓመታት ማብሰልሰልን አጥንተው፣ «ለምን እኔ ላይ?» በሚል ሐሳብ ውስጥ ደጋግሞ መሽከርከር ድባቴን እንደሚያራዝምና ችግር የመፍታት አቅምን እንደሚያዳክም አሳይተዋል። ስለዚህ ዛሬ ማታ አዲስ ገጽ ከመጀመርሽ በፊት የዛሬ ሁለት ዓመት የጻፍሽውንና ባለፈው ሳምንት የጻፍሽውን ጎን ለጎን አንብቢ። ያኔ ሳታዪው ቆይተሽ አሁን ያየሽው ነገር አለ? ወይስ የተቀየረው ቀኑ ብቻ ነው? ቀኑ ብቻ ከሆነ ደብተሩን ለጥቂት ሳምንታት አስቀምጪው። መጻፉን መተው ካቃተሽ ደግሞ «እኔ» ማለቱን ትተሽ ራስሽን በስምሽ እየጠራሽ፣ ስለ አንዲት ወዳጅሽ እንደምትጽፊ ሆነሽ ሞክሪው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኢታን ክሮስና ባልደረቦቻቸው እንዳሳዩት፣ ሰው ስለ ራሱ በስሙ ጠርቶ ሲያስብ ከስሜቱ ትንሽ ርቆ መቆም ይችላል፤ ጭንቀቱም ይቀልለታል። ሲጀምሩት ያስቃል፤ ይሁን።

ራስሽን ማወቅሽን አልጠራጠርም። ችግሩ፣ ያወቅሽውን ነገር ከአንቺ ሌላ የሚያውቀው ሰው የለም። ብቸኝነቱ ከዚያ የመጣ ይመስለኛል።

አሁን ወደሚከብደው ልግባ። በደብዳቤሽ ውስጥ ዝምታ ሁለት ቦታ ላይ አለ። መጀመሪያ ባለቤትሽ አንቺን ዝም አለሽ፤ አሁን ደግሞ አንቺ እህትሽን ዝም ብለሻታል። የመጀመሪያውን ኩርፊያ ብለሽዋል፤ ሁለተኛውን ሰላም መጠበቅ። ሁለቱ አንድ ናቸው አልልሽም። የእሱ ምናልባት ሊቀጣሽ ነበር፤ ያንቺ ራስሽን ለመከላከል ነው። ከበሩ ማዶ ለቆመው ሰው ግን ልዩነቱ አይታየውም። እህትሽም ምን ብታደርግ እንደምትታረቂያት አታውቅም፤ ልክ አንቺ እንደማታውቂው ሁሉ።

ዝምታ ሰውን ምን እንደሚያደርገው የሕፃናት ሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ትሮኒክ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያደረጉት አንድ ሙከራ በደንብ ያሳያል። እናት ከሕፃን ልጇ ጋር ስትጫወት ትቆይና በድንገት ፊቷ ላይ ምንም ስሜት ሳይታይ ዝም ብላ ትመለከተዋለች። ሕፃኑ ፈገግ ይልላታል፣ እጁን ይዘረጋል፣ ድምፅ ያወጣል፤ አልሆን ሲለው ፊቱን ያዞርና ይኮማተራል። ይህ ሁሉ የጥቂት ደቂቃ ነገር ነው። አንቺ ግን ለሳምንታት እዚያ ቦታ ላይ ነበርሽ። ሳታጠፊ ይቅርታ መለመንሽን ዛሬ እንደ ውርደት የምታስቢው ከሆነ እባክሽ ተዪው፤ ያ ሕፃን የሚያደርገውን ነው ያደረግሽው።

ከእኚሁ ተመራማሪ ሥራ እኔ የምወደው ግን ሌላውን ግኝት ነው። በሚዋደዱ እናትና ልጅ መካከል እንኳ፣ በደህና ቀን፣ የሁለቱ ስሜት የማይገጣጠምበት ጊዜ ከሚገጣጠምበት ይበልጣል። እናት ታስቃለች፣ ልጁ ደክሞታል፤ ልጁ ይፈልጋታል፣ እሷ ሌላ ነገር ታያለች። ከዚያ ይተራረማሉ። ግንኙነቱን ጤናማ የሚያደርገው ይህ ቶሎ ቶሎ መተራረም ነው። በትዳርሽ ውስጥ ይህ አልነበረም። ኩርፊያው የሚያልቀው እሱ ሲበቃው እንጂ ተነጋግራችሁበት አልነበረም። ስለዚህ እህትሽ ስትሳሳት የምታውቂው መንገድ አንድ ብቻ ሆነ፤ በሩን መዝጋት።

እሷ ያለችው ትክክል ነበር እያልኩ አይደለም። ልቡ ለተሰበረ ሰው በዚያ ሰሞን የሚባል ነገር አልነበረም። ግን ለምን እንዲህ እንደወጋሽ ልገምት? በእነዚያ የዝምታ ሳምንታት «ምን አጥፍቼ ይሆን?» እያልሽ ራስሽን ስትጠይቂ ኖረሻል፤ የእህትሽ ንግግር የዚያ ጥያቄ መልስ መስሎ ተሰማሽ። የባልሽም ዓመታት ቅጣት የተጫነው በእሷ አንድ ዓረፍተ ነገር ላይ ነው።

ድንበር ማበጀት ሰሞኑን ብዙ ይወራለታል፤ አልፎ አልፎም የኩርፊያ ጨዋ ስም ሆኖ ሲያገለግል አያለሁ። ድንበር ካበጀሽ ሌላው ሰው ሊያውቀው ይገባል። «ስለ ፍቺዬ እንዲህ ስትዪኝ ይጎዳኛል፤ ከደገምሽው ስልኩን እዘጋለሁ» ማለት ድንበር ነው፤ ሰምታ ልታከብረውም ልትጥሰውም ትችላለች። እህትሽ ግን ክሷን ሳትሰማ ነው የተፈረደባት። የምትደበድብሽ ወይም ሆን ብላ የምታዋርድሽ ሰው ብትሆን ምክሬ ሌላ ይሆን ነበር፤ ከጻፍሽው ግን ሦስት ዓመት ሙሉ በርሽን ስታንኳኳ የኖረች ሰው ናት የምትታየኝ።

ስለ ባልደረባሽ ብዙ የምለው የለም። ልትወጂው ግዴታ የለብሽም፤ ካልፈለግሽውም «አልፈለግሁም» ማለት ይበቃል። ከፈለግሽው ግን መሸሹን ተዪና አንድ ትንሽ እውነት ንገሪው፦ «ሰው ሲያኮርፈኝ በጣም እደነግጣለሁ፤ ቅር ሲልህ በግልጽ ንገረኝ።» ይህን ሲሰማ የሚያሳየው ነገር ካነበብሻቸው መጻሕፍት ሁሉ የበለጠ ስለ እሱ ይነግርሻል። ክፉኛ ተጎድተው በኋላ መልሰው ሰው ማመን የቻሉ ሰዎች ታሪክ ውስጥ ብዙ ጊዜ አንድ የሚታመን ሰው አይጠፋም፦ የትዳር አጋር፣ ጓደኛ፣ ዘመድ ወይም አማካሪ።

ከየት ልጀምር ካልሽ ከእህትሽ ጀምሪ። ከእሷ ጋር የምትለማመጂው ለሌላውም ይሆንሻል። እንዲህ ያለ አጭር መልእክት ይበቃል፦ «እህት ዓለም፣ ይህን ያህል ጊዜ ዝም ስልሽ እንደጎዳሁሽ አውቃለሁ። ያን ቀን ያልሽኝ በጣም አሞኝ ነበር። ሁሉንም አሁን ማውራት አልችልም፤ ድምፅሽን መስማት ግን እፈልጋለሁ። ቅዳሜ ልደውልልሽ?» ከዚህ አታስረዝሚው። የሦስት ዓመቱን ሒሳብ በአንድ መልእክት ለማወራረድ ከሞከርሽ ማን ምን አለ ወደሚል ክርክር ትገቢያለሽ።

አንድ ነገር ሳልል እንዳላልፍ፦ እንቅልፍ የሚነሳሽ፣ ካለፈው ነገር የተነሳ ድንገት የሚያርበደብድሽ፣ ወይም መኖር ምን ያደርግልኛል የሚያሰኝሽ ነገር ካለ በዚህ ደብዳቤ አትወሰኚ፤ የሥነ ልቦና ወይም የአእምሮ ሕክምና ባለሙያ በአካል አግኚ። ሕይወትሽን ስለማጥፋት የምታስቢ ከሆነ ደግሞ ዛሬውኑ ለሚቀርብሽ ሰው ንገሪና ወደ ሆስፒታል ሂዱ።

ቅዳሜ ስትደውዪ እህትሽ ልታለቅስ ትችላለች፤ ልትቆጣም ትችላለች። ከተቆጣች የድሮው ስሜት ይመጣብሻል፦ ልብሽ ይመታል፣ ወይ ያላጠፋሽውን ሁሉ ይቅርታ ልትጠይቂ፣ ወይ ስልኩን ዘግተሽ ዳግም ላታነሺው ትፈልጊያለሽ። ሁለቱንም አታድርጊ። «ብትቆጪ አይፈረድብሽም፤ ዛሬ ግን ከዚህ በላይ አልችልም፣ ረቡዕ እደውልልሻለሁ» በያት። ረቡዕም ደውዪላት።