ወባ በበጋ ከየት መጣ? ካርታውስ እንዴት ይሠራ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዝግጅት ክፍል። የጂኦግራፊ ተማሪ ነኝ፤ ቤተሰቦቼ ድሬዳዋ ናቸው። ለመመረቂያ ጽሑፌ ወባ በአካባቢያችን ከዓመት ዓመት እንዴት እንደተዛመተ የሚያሳይ ካርታ ልሠራ አስቤያለሁ። ከጤና ጣቢያዎች የታማሚ ቁጥር ሰብስቤ፣ ብዙ ታማሚ ያለበትን ቀበሌ ቀይ ብቀባው ይበቃል? ደግሞስ እኛ ጋ ወባ በበጋ የሚነሳው ለምንድን ነው?

መልስ፦ ርዕስሽ ግሩም ነው፤ በርቺ። ቁጥር ሰብስቦ ቀይ መቀባቱ ግን አይበቃም። ከሁለተኛው ጥያቄሽ ልጀምርና ወደ ካርታው እመለሳለሁ።

በአብዛኛው አገራችን ወባ ዝናብን ተከትላ ነው የምትመጣው። ክረምቱ ሲወጣ ውሃው ያቁራል፣ ትንኟ ትራባለች፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ ሰው ይታመማል። አኖፌለስ ስቴፈንሲ የምትባለው ወባ አስተላላፊ ትንኝ ግን ጠባይዋ ለየት ይላል። መነሻዋ ደቡብ እስያና የዓረብ ምድር ነው፤ ከተማ ይመቻታል። በርሜል ውስጥ፣ ሮቶ ውስጥ፣ ለግንባታ ተብሎ ውሃ በተጠራቀመበት ጉድጓድ ውስጥ ትፈለፈላለች። ስለዚህ ዝናብ አትጠብቅም፤ እንዲያውም በበጋ ቧንቧው ሲጠፋና ሰው ውሃ ማጠራቀም ሲጀምር ነው የሚመቻት።

በአፍሪካ መጀመሪያ የተገኘችው እ.ኤ.አ. በ2012 ጅቡቲ ላይ ነው። ጅቡቲ ያኔ በዓመት 27 የወባ ታማሚ ብቻ ነበር ያስመዘገበችው፤ በ2020 (ዓመቶቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ቁጥሩ ከ73,000 አለፈ። እኛ አገር በ2016 ሶማሌ ክልል ቀብሪደሃር ላይ ተገኘች። ቀጥሎ ድሬዳዋን ጨምሮ በብዙ የምሥራቅ ከተሞች ታየች፤ ኬንያም ናይጄሪያም ጋናም መገኘቷን አስታውቀዋል። እነዚህን ዓመታት ካርታሽ ላይ ስታሰፍሪ ግን አንድ ነገር ልብ በዪ፦ ዓመቱ ትንኟ የተገኘችበት እንጂ የገባችበት አይደለም። ፈላጊ ያልሄደበት ከተማ ውስጥ ከዓመታት በፊት ገብታ ሊሆን ይችላል። «በዚህ ዓመት ገባች» ሳይሆን «በዚህ ዓመት ተገኘች» ብለሽ ጻፊ።

በ2022 የድሬዳዋው ወረርሽኝ ሲነሳ (ከጥር እስከ ግንቦት ከ2,400 በላይ ታማሚ ነበር፤ በ2019 በተመሳሳይ ወራት ግን 205 ብቻ) ተመራማሪዎች ቁጥር ብቻ ይዘው አልተቀመጡም። ከጤና ተቋም ተነስተው በሽተኛው ቤት ድረስ ሄዱ፣ ቤተሰቡንና ጎረቤቱን መረመሩ፣ የውሃ ማጠራቀሚያውን እየከፈቱ እጭ ፈለጉ። በወባ የተያዙ ሰዎች በበሽተኞቹ ቤት ዙሪያ በዝተው ተገኙ፤ ትንኟም እዚያው አጠገባቸው ነበረች። በሽታውን ከቦታው ጋር ያገናኘው ይህ የቤት ለቤት ሥራ ነው፤ ከጤና ጣቢያ መዝገብ ብቻ ይህን ማየት አይቻልም።

አሁን ወደ አንቺ ካርታ። መዝገቡ የሚነግርሽ ሰውየው የት እንደታከመ ነው፣ የት እንደተነከሰ አይደለም። ሰሊጥ አጨዳ መተማና ሑመራ ወርዶ የተመለሰ የደጋ ልጅ አገሩ ገብቶ ነው የሚታመመው፤ ምክንያቱም ከንክሻው እስከ ትኩሳቱ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሳምንት እስከ አንድ ወር ይፈጃል። ይህን ሳታጣሪ ብትቀቢው፣ ትንኝ የሌለበት ደጋ ወባማ ሆኖ ቁጭ ይላል! ስለዚህ «ባለፈው አንድ ወር የት ከርመው ነበር?» የሚለው መልስ ተመዝግቦ ከሆነ ፈልጊው፤ ከውጭ ይዘው የመጡትን ለብቻ አድርጊያቸው።

ዜሮ የሚለውንም ቶሎ አትመኚው። አንዳንዱ ጤና ጣቢያ ሪፖርት ያልላከበት ወይም የመመርመሪያ ኪት ያለቀበት ሳምንት ይኖራል፤ ያ ሳምንት ንጹሕ ሆኖ ከታየ ካርታሽ በሽታው ያለበትን ሰፈር ደህና ነው ብሎ ያልፈዋል፣ መድኃኒትና አጎበር የሚያከፋፍለውም ሰው ያንን አይቶ ነው የሚወስነው። መረጃ የሌለውን በግራጫ ለዪው።

ሌላው ቀላል ነው። ቁጥሩን ለሕዝቡ ብዛት አካፍለሽ ከሺህ ሰው ስንቱ እንደታመመ አሳዪ፣ አለዚያ ሰው የበዛበት ቀበሌ ሁሌም ቀይ ይሆናል። ለየወሩ ትንንሽ ካርታ ሠርተሽ ጎን ለጎን ደርድሪ፤ የቀለሙ መለኪያ በሁሉም ላይ አንድ ይሁን። በመሃል የቀበሌ ወሰን ተቀይሮ እንደሆነም ጠይቂ። ኪውጂአይኤስ (QGIS) የሚባለው የካርታ መሥሪያ ሶፍትዌር ነፃ ስለሆነ ወጪ የለብሽም።

መረጃ ከመጠየቅሽ በፊት ከትምህርት ክፍልሽ የምርምር ሥነ ምግባር ፈቃድና የድጋፍ ደብዳቤ ያዢ። የታማሚዎቹን ቤት በነጥብ የሚያሳይ ካርታ ከሠራሽ ደግሞ ለራስሽ ትንተና ይሁን፤ በሚታተመው ጽሑፍ ላይ ከቀበሌ በታች አትውረጂ።