እስር ቤት የሚገባው የተከለከለ ዕቃ፦ በየት ይገባል? ለምንስ ይገባል? (ጥያቄና መልስ)

ስለ ማረሚያ ቤት ፍተሻና ስለሚከለከሉ ዕቃዎች ከጎጃም ልዩ ልዩ ከተሞች የላካችኋቸውን ጥያቄዎች ተራ በተራ እመልሳለሁ። አስቀድሜ አንድ ነገር፦ «ኮንትሮባንድ» ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው በመተማ በኩል የሚገባው ጨርቅና ሲጋራ ነው። የእኛ ርዕስ ሌላ ነው፤ ውጭ ሕጋዊ ቢሆን እንኳ ግቢ ውስጥ የተከለከለ ማንኛውም ነገር፦ ስልክ፣ ጥሬ ገንዘብ፣ ጫት፣ አረቄ፣ ስለት። «እንዴት ላሳልፍ?» ብላችሁ የጠየቃችሁ አላችሁ፤ እሱን አልመልስም።

ከደብረ ማርቆስ፦ ከሁሉ የሚፈለገው ምንድን ነው? ዋጋውስ ለምን እንዲያ ይንራል?

ስልክ። ሌላው ሁሉ አንዴ ተበልቶ ወይም ተጨሶ ያልቃል፤ ስልክ ግን ይከራያል፣ ገንዘብ ያስልካል፣ ምስክር ያስፈራራል፣ ሌላ ዕቃም ያስመጣል። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2018 በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ሊ በሚባለው እስር ቤት 7 እስረኞች ሲገደሉ ባለሥልጣናቱ ጠቡን ከድብቅ ስልክና ከግዛት ሽሚያ ጋር ነበር ያያያዙት።

ዋጋው የሚወጣው ከሦስት ነገር ነው፦ የውጭው ዋጋ፣ የሚያስገባው ሰው የሚሸከመው አደጋ፣ የሻጩ ትርፍ። ስለዚህ የማረሚያ ቤት ኃላፊ ብሆን ከፍተሻ መዝገቡ በፊት የውስጡን ዋጋ ነው የምጠይቀው። ከትልቅ ፍተሻ በኋላ ዋጋው ከወጣ ፍተሻው ሠርቷል። ካልወጣ የተያዘው ትርፍራፊ ነው፤ ዋናው መንገድ አልተነካም።

ፈላጊውን የሚያበዛውም የሕጋዊው ስልክ ወረፋ ነው። ለመቶዎች አንድ ስልክ ከተመደበ፣ ያውም የሚሠራው በሥራ ሰዓት ብቻ ከሆነ፣ ቤተሰቡ ቆላ ያለ እስረኛ መቼ ያወራል? የስልክ ሰዓት ሳይጨምሩ ክልከላውን ብቻ ማጥበቅ ዋጋውን ከመስቀል በቀር የሚሠራው ነገር ትንሽ ነው።

ከፍኖተ ሰላም፦ የሚያስገባው ጠያቂ ነው ይባላል። ልክ ነው?

ግማሹ። ጠያቂ የሚያስገባው በትንሽ በትንሹ ነው። በብዛት የሚገባው በሌሎች በሮች ነው፦ በሠራተኛው፣ እህልና ማገዶ በሚያመጣው መኪና፣ ከፍርድ ቤት፣ ከሆስፒታልና ከእርሻ ሥራ በሚመለሰው እስረኛ፣ በአጥር ላይ በሚወረወረው።

እ.ኤ.አ. በ2013 በባልቲሞር ከተማ እስር ቤት ለአንድ የወንበዴ ቡድን ስልክና ዕፅ ያስገባሉ ተብለው 25 ሰዎች ሲከሰሱ 13ቱ ጠባቂዎች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2020 ቴክሳስ በኮቪድ ምክንያት ጥየቃ ዘጋች፤ ዕፁ ግን መግባቱን አላቆመም። ጠያቂ ሳይኖር ማን አስገባው?

ጥበቃ የሚበላሸው ደመወዝ ስላነሰው ብቻ አይደለም፤ ደመወዙ ያነሰ ሁሉ አይበላሽም። አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው በውለታ ነው፦ አንድ ደብዳቤ አድርስልኝ፣ አንድ ሲጋራ ስጠኝ። ከዚያ «እነግርብሃለሁ» ይከተላል፤ ያኔ የጥበቃ አባሉ የእስረኛው እስረኛ ሆነ ማለት ነው። መከላከያው፦ አዛዡም ጭምር ሲገባና ሲወጣ ይፈተሽ፤ አንድ ሰው አንድ በር ላይ ለወራት አይቆይ፤ የፈረቃ ጓደኛውም ይቀያየር፤ የመጀመሪያዋን ውለታ በጊዜ ለተናገረ አባል ቅጣት አይኑር። የመጨረሻው ከሌለ ማንም አይናገርም። ገንዘብ ተቀብሎ ማሳለፍ ደግሞ ከዲሲፕሊን አልፎ በሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007 የሚያስጠይቅ ነው።

ከቡሬ፦ ለወንድሜ ስንቅ ስወስድ ድፎውን ይቆራርጡታል፣ በሶውን ይበትኑታል። ሳይበላሽ እንዲገባ እንዴት ላዘጋጅ?

ፈታሹ የሚያየው ውስጡ የማይታየውን ነገር ነው። እንዲታይ አድርገሽ ብትወስጂለት አይነካካውም፤ ቢነካካውም ቶሎ ይጨርሳል።

ድፎውን ቤትሽ ቆራርጪው፤ ውፍረቱ ከሁለት ጣት አይብለጥ። እንጀራውን ጠቅልለሽ አትደራርቢ፤ አንድ አንዱን ገልጦ እንዲያይ ዘርግተሽ በሰፊ ዕቃ አድርጊው። ወጡ ለብቻው ይሁን፤ አጥንት ያለው ሥጋ ይቆይብሽ፤ በማንኪያ ሲያማስሉት የሚያጠራጥረው አጥንቱ ነው። በሶና ሽሮ በወንፊት ይነፋል፤ ስለዚህ ነጭ ፌስታል ውስጥ ሳይታጨቅ፣ አፉ ሳይሰፋ ይሂድ። ቆሎው ላይ ችግር የለም።

ዕቃው ብርሃን የሚያሳልፍ ፕላስቲክ ይሁን። ፔርሙስ ብዙ ቦታ የሚመለሰው በክፋት አይደለም፤ ግድግዳው ድርብ ስለሆነ በመካከሉ ያለው ክፍተት ሳይሰበር አይታይም። ታችኛው ወፍራም የሆነ ድስትና በቆዳ የተለበጠ አገልግልም እንዲሁ ነው፤ አገልግሉ ቢያምርም ለበዓል ይቆይ። የላክሽውን በወረቀት ጽፈሽ አያይዢው፦ ዳቦ 8 ቁራጭ፣ በሶ 2 ኪሎ። በበሩና በወንድምሽ መካከል የጎደለ ነገር ካለ በዚያ ይታወቃል።

ከዳንግላ፦ «ቅመሺ» ተባልሁ። ጾም ላይ ነኝ ብል አላመኑኝም። እንዲህ ያለ ሕግ አለ?

ማስቀመሱ ለእስረኛው ደኅንነት ነው፤ መርዝ እንዳይገባ። ግን እስከ ዘጠኝ ሰዓት የሚጾምን ሰው በአራት ሰዓት ቅመሽ ማለት ጠብ መጋበዝ ነው። መውጫ አለው፦ ከሰዓት በኋላ መምጣት፣ ወይም የማይጾም ሰው ይዞ መምጣት። አንዳንድ በር ላይ ተቀባዩ እስረኛ ራሱ ፊታቸው ይቀምሳል፤ ይሄኛው መርዙን ያሳይ እንደሆነ እንጂ እስረኛውን አያድንም፣ ስለዚህ አልወደውም።

ከዚህ የሚብሰው ማንኪያው ነው። የቅልጥም ወጥ ያማሰሉበትን ማንኪያ ሳያጥቡ የጾም ሽሮ ውስጥ ሲነክሩት ወረፋው ሁሉ ይጮኻል፤ እውነቱንም ነው። የክርስቲያንና የሙስሊም ሥጋም አለ። ቢያንስ ሦስት ማንኪያና አንድ ጆግ የፈላ ውኃ በር ላይ ይኑር፤ ጓንቱም በየሰዉ ይቀየር። ወጪው ትንሽ ነው፣ ከወረፋው ጋር መጨቃጨቁ ግን የፈታሹን ዓይን ይወስድበታል።

ከባሕር ዳር፣ አንዲት እናት፦ ልጄ የሚጥል በሽታ አለበት። መድኃኒቱን በር ላይ ወሰዱብኝ።

እናቴ፣ ይሄኛው አይዘገይ። ፌኖባርቢታል የሚባለው የሚጥል በሽታ መድኃኒት ከሆነ በድንገት ሲቋረጥ ከቀድሞው የባሰ መጣል ያመጣል። በሌላ በኩል በቁጥጥር ሥር ያለ መድኃኒት ስለሆነ በሩ ላይ እንዲሁ አያሳልፉትም፤ እንደ ትራማዶልና እንደ ዲያዜፓም ውስጥ ፈላጊ አለው። ሁለቱም እውነት ነው።

መንገዱ እንዲህ ነው። የሐኪሙን ማዘዣ ይያዙ፤ የልጁ ስም፣ የመድኃኒቱ ስም፣ መጠኑ፣ ቀኑና ማኅተሙ ይታይ። ፍሬው ከነእሽጉ ይሁን፤ በፌስታል የተቋጠረ ፍሬ ማንም ሊለየው አይችልም። ለፈታሽ ሳይሆን ለማረሚያ ቤቱ ክሊኒክ ነርስ አስፈርመው ያስረክቡ፤ የማዘዣውን ቅጂ እርስዎ ጋ ያስቀሩ። ከአንድ ወር በላይ የሚሆን አይላኩ። ልጅዎ ነርሷ ፊት እንዲውጥ ይጠይቁ። ክፍል ውስጥ ካስቀመጠው ጉልበተኛ ይቀማዋል፣ ወይም ሽጥ ይለዋል። የተወሰደውንም ዛሬውኑ ለክሊኒኩ ይንገሩ፤ በር ላይ የቀረ መድኃኒት ራሱ አይሄድም።

ከሞጣ፦ ሴት ጠያቂን ልብስ አስወልቆ መፈተሽ ይፈቀዳል? ሕፃን ያዘለችስ?

የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ2015 ያጸደቀው፣ የኔልሰን ማንዴላ ሕጎች የሚባለው መመዘኛ ደንብ 60 ላይ ይመልሰዋል። የጠያቂ ፍተሻ ክብርን የሚነካ መሆን የለበትም። በሰውነት ክፍተት ውስጥ የሚደረግ ፍተሻ ሊወገድ ይገባል፤ ሕፃናት ላይ ደግሞ አይደረግም። ጠያቂዋ በማንኛውም ሰዓት «አልፈተሽም» ማለት ትችላለች፤ ያኔ እነሱም እንዳትገባ ሊከለክሉ ይችላሉ እንጂ አስገድደው አይፈትሹም። ሴትን የምትፈትሽ ሴት ናት። አንቀልባው ተፈቶ ይታያል፣ ዳይፐር ከጠረጠሩ እናቲቱ ራሷ ትቀይረዋለች፤ አበቃ። የመጠየቅ መብቱም የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21 ነው፤ የኃላፊ ችሮታ አይደለም።

ከባሕር ዳር፣ የጥበቃ አባል፦ በእጅ የሚያዘው የብረት መፈተሻችን ዝም ብሎ ይጮኻል፤ በመጨረሻ ተውነው።

ከመተዋችሁ በፊት የቆማችሁበትን ቦታ ተመልከት። ሲሚንቶው ውስጥ ፌሮ አለ፤ እግር አካባቢ ስታወርደው የሚጮኸው ለወለሉ ነው። ቆርቆሮ ግድግዳም ያስጮኸዋል። ጠያቂውን ከግድግዳ አርቀህ ሚስማር የሌለበት የእንጨት መቆሚያ ላይ አቁመው፤ ጫማው ወልቆ ለብቻው ይታይ።

መሣሪያውን ከልብስ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር አርቀህ በቀስታ ውሰደው። ፈረቃ ስትረከብ ኪስህ ባለ ትንሽ ቁልፍ ሞክረው፤ ባትሪ ሲደክም ድምፅ ሳያጎድል ትንንሹን ብረት ሳያገኝ ያልፋል። ጫት፣ ዱቄትና የብር ኖት ላይ ደግሞ አይጮኽም። እሱን የሚያገኘው እጅህና ዓይንህ ነው።

ከእንጅባራ፦ ኔትወርክ ማጥፊያ ተክሎ መገላገል አይቻልም?

ሞገዱ አጥር አያውቅም። ግቢው ከመኖሪያ ቤት ጋር ከተዋሰነ የጎረቤቱም ስልክ ይጠፋል፤ ምጥ የያዛት ሴት አምቡላንስ መጥራት ያቅታታል። የኢትዮ ቴሌኮምንም የሳፋሪኮምንም ሞገዶች በሙሉ መሸፈን አለበት፤ አንዱ ኩባንያ አዲስ ሞገድ በጨመረ ማግስት መሣሪያው ያረጃል። መብራት ሲጠፋም አብሮ ይጠፋል። በዚያ ገንዘብ በየብሎኩ ሕጋዊ ስልክ ብትተክል ይሻላል።

ከደጀን፦ ለታሰረው ወንድሜ ጥሬ ብር መስጠት ለምን ይከለከላል?

ቁማርና ዕዳ። ዕዳ ያለበት እስረኛ የሌላውን ዕቃ ይደብቃል፣ ቤተሰቡንም እንዲያስገቡ ያስጨንቃል። ብሩን በሂሳብ ክፍል አስገባ፣ ደረሰኝ ተቀበል፣ ወንድምህ ከውስጡ ሱቅ በሂሳቡ ይግዛ። ያለ ደረሰኝ «እኔ እሰጠዋለሁ» ለሚል አትስጥ።

ከቢቸና፦ ስለቱስ በየት ይገባል?

አብዛኛው አይገባም፤ እዚያው ይሠራል። የማንኪያ እጀታ፣ የአልጋ ሽቦ፣ ከጣውላና ብረት ሥራ ክፍል የወጣ ቁራጭ። የእያንዳንዱ መሣሪያ ቅርጽ ሰሌዳ ላይ ተስሎ መሣሪያው ሥዕሉ ላይ ይሰቀል፤ የጎደለው ከሩቅ ይታያል። ቆጠራው ጠዋት፣ ምሳ ላይና ሲዘጋ ነው፤ ሳይሞላ ማንም አይወጣም። ምላጭ አሮጌውን ላስረከበ ብቻ ይሰጥ።

ከደብረ ማርቆስ፦ ጫት ውጭ ሕጋዊ ነው። የታሰረው ወንድሜ ቢያዝበት አመክሮውን ሊያሳጣው ይችላል?

ሊያሳጣው ይችላል። ወንጀል ስላልሆነ ፍርድ ቤት ላይከሰስ ይችላል፤ ጥፋቱ የዲሲፕሊን ነው። ግን በወንጀል ሕጉ አንቀጽ 202 መሠረት የፍርዱን ሁለት ሦስተኛ የጨረሰ ሰው በአመክሮ የሚለቀቀው ጠባዩ ታይቶ ነው፤ የሚታየውም ከማኅደሩ ነው። ሐሺሽ ከሆነ ነገሩ ሌላ ነው፤ ያ አዲስ ክስ ያመጣል፣ ላስገባው ጠያቂም ጭምር። የዲሲፕሊን ውሳኔ ሲሰጥ ወንድምህ እንዲሰማ፣ ዕቃው የተያዘበት ቀንና ቦታም በጽሑፍ እንዲሰፍር ይጠይቅ፤ አራት ሰው በሚተኛበት ቦታ የተገኘ ነገር የማን እንደሆነ መጣራት አለበት።