«ፈንገሱ ተመለሰብኝ» ላላችሁኝ፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ ላኩልኝ ስል አምስት ስድስት ቢመጣ ነው ብዬ ነበር። የመጣው ግን ሌላ ነው። ግማሹ ደግሞ በአንድ ቃል ይጀምራል፦ «ተመለሰብኝ»። አዋላጅ ነርስ ነኝ። ጤና ጣቢያ ውስጥ ከአሥር ዓመት በላይ ሠርቻለሁ። ተመሳሳዮቹን ጥያቄዎች አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ፤ ማንም እንዳይታወቅም ዝርዝሩን ቀይሬዋለሁ። እዚህ የምጽፈው ምርመራን አይተካም።

አንድ ነገር አስቀድሜ ልበል። ሁላችንም «የማህፀን ፈንገስ» እንላለን፤ ፈንገሱ ግን ማህፀን ውስጥ አይደለም። ብልት ውስጥና ከንፈሩ ላይ ነው ያለው። ስለዚህ «ማህፀኔን በላው» ብላችሁ አትጨነቁ።

ሲስተር፣ ዘንድሮ አራተኛዬ ነው። ፋርማሲ ሄጄ ያንኑ መድኃኒት እገዛለሁ፣ ሳምንት ደህና እሆናለሁ፣ ከዚያ ይመለሳል። መድኃኒቱን ለምዶት ይሆን?

ሊሆን ይችላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቅሽ ሌላ ነው፦ ፈንገስ መሆኑን ማን ነገረሽ?

አንድ ቀን አንዲት ሴት መጣች። ከቦርሳዋ ሦስት የኪኒን ባዶ ማሸጊያ አወጣችና ጠረጴዛዬ ላይ ደረደረቻቸው። ሦስቱም ፍሉኮናዞል፣ የፈንገስ ኪኒን። «ሁሉንም ጨርሻለሁ» አለችኝ፣ ትንሽ በኩራት። መርምሯት የሚያውቅ ሰው ግን አልነበረም። ናሙና ወሰድን። በማይክሮስኮፕ ሲታይ የፈንገስ ዘር የለም። ያለው ጠርዛቸው በባክቴሪያ የተሸፈነ ሴሎች ናቸው። ባክቴሪያ ነበር ለካ። ለ7 ቀን ሜትሮኒዳዞል ወሰደችና ተገላገለች። ወራት ሙሉ የከፈለችው ላልያዛት በሽታ ነበር።

እሷ ብቻ አይደለችም። አሜሪካ ውስጥ የፈንገስ መድኃኒት በራሳቸው ሊገዙ የመጡ ሴቶች ሲመረመሩ፣ ፈንገስ ብቻ የተገኘባቸው ከሦስት አንዷ ያህል ናቸው።

መለያው በግርድፉ ይኸውና። ፈንገስ ከሁሉ በላይ ያሳክካል። ፈሳሹ ነጭና ወፍራም፣ የተፈረፈረ አይብ የመሰለ ነው። ሽታው እዚህ ግባ አይባልም። ሽንት ሲነካው ከውጭ ያቃጥላል። ባክቴሪያው ግን ስስ፣ ግራጫማ ፈሳሽ ያመጣል። ዋናው ምልክቱ ሽታው ነው፤ ዓሣ ዓሣ ይላል፣ በተለይ ከግንኙነት በኋላ። ሦስተኛው ትሪኮሞናስ ነው። አረፋ ያለው ቢጫ ወይም አረንጓዴ ፈሳሽ ሊያመጣ ይችላል። ይሄኛው በግንኙነት የሚተላለፍ ስለሆነ ባልም አብሮ ይታከማል። እነዚህ ምልክቶች ይደባለቃሉ፤ ሁለቱ አብረው የሚይዟትም አለች። ለዚህ ነው «ናሙና ይወሰድ» እያልኩ የምነዘንዘው።

ተመርምሬ ፈንገስ ነው ተብያለሁ። በዓመት አራት አምስቴ ይይዘኛል። ለዘለቄታው ምን ይሻላል?

በዓመት 3 ጊዜና ከዚያ በላይ ከያዘሽ ሕክምናው «ተደጋጋሚ» ለሚባለው ዓይነት ነው። እዚህ ላይ ነው ብዙዎች የሚሳሳቱት። ለአንድ ጊዜው የሚሰጠውን አንዲት ኪኒን ደጋግመው ይውጣሉ።

ለተደጋጋሚው የተለመደው አካሄድ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ፍሉኮናዞል 150 ሚሊግራም በየሦስት ቀኑ፣ ማለትም በ1ኛው፣ በ4ኛውና በ7ኛው ቀን። ከዚያ በሳምንት አንድ፣ ለ6 ወር። ስድስት ወር ሲባል ሁሉም ይደነግጣል። አንዷ ታካሚዬ «እሑድ ቡና ሲፈላ ነው የምውጠው» ትለኝ ነበር፤ አንድም ሳምንት አላለፋትም።

ሐቁን ልንገርሽ። በስድስቱ ወር ውስጥ ከ100 ሴቶች ከ90 በላይ የሚሆኑት ደህና ይከርማሉ። መድኃኒቱ ከቆመ በኋላ ግን ከግማሽ በሚበልጡት ላይ በዓመቱ መጨረሻ ተመልሷል። ከተመለሰ ሕክምናው እንደገና ይጀመራል። ጥፋቱ ያንቺ አይደለም።

ይህን ግን ከፋርማሲ በራስሽ ገዝተሽ አትጀምሪው። ፍሉኮናዞል ከሌላ መድኃኒት ጋር ይጋጫል። ለስኳር ግሊበንክላማይድ የምትወስድ ሴት ስኳሯ በድንገት ሊወርድባት ይችላል። ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የምትወስድ ደግሞ ለመድማት ትጋለጣለች። የጉበት ችግር ካለም መነገር አለበት።

በትክክል ወስጄው እንኳ ምንም አልለወጠኝም።

እንግዲያው ናሙናሽ ይዘራ፤ ካልቸር የሚሉት ማለት ነው። አብዛኛውን የሚያመጣው ካንዲዳ አልቢካንስ ነው። ካንዲዳ ግላብራታ የሚባል ዘመዱ ግን ለፍሉኮናዞል እምብዛም አይበገርም። ለእሱ ከሚታዘዙት አንዱ 600 ሚሊግራም ቦሪክ አሲድ ነው፤ በብልት የሚገባ፣ ማታ ማታ ለ14 ቀን። ቦሪክ አሲድ ከተዋጠ መርዝ ነው። ልጅ ያለበት ቤት ተቆልፎ ይቀመጥ። ነፍሰ ጡር አትነካውም።

በዲቶል እታጠባለሁ፤ አንዳንዴ በሎሚ። ጎረቤቴ ደግሞ ነጭ ሽንኩርት አስገቢበት አለችኝ።

እህቴ፣ ጎረቤትሽን ቡና አጠጫት፤ ምክሯን ግን ተይው።

ብልት ውስጥ የራሱ ጠባቂዎች አሉት፤ ላክቶባሲለስ የሚባሉ ጥሩ ባክቴሪያዎች። አሲድ እያመረቱ ውስጡን ኮምጠጥ ያለ ያደርጉታል፣ በፒኤች (በአሲድነት መለኪያው) ከ3.8 እስከ 4.5። በጣትሽ ሳሙና ስታስገቢ፣ በዲቶል ስትለቀልቂ፣ የምታባርሪው እነሱን ነው። ዲቶል ወለል ይወልወልበት። ሎሚ የቆሰለ ቆዳ ላይ ምን እንደሚያደርግ ለመገመት የተሰነጠቀ ከንፈርሽን ማሰብ ይበቃል። ነጭ ሽንኩርት ቆዳን በቁሙ ያቃጥላል። በፈንገሱ ሳይሆን በሽንኩርቱ ቁስል የመጡ ሴቶች አይቻለሁ።

ውስጡ ራሱን በራሱ ያጸዳል። አንቺ ከውጭ ብቻ ለብ ባለ ውኃ ታጠቢ፣ በስሱ አድርቂ፣ በቃ። ሽታ ያለው ሞዴስ፣ ሽቶ፣ ሽታ ያለው የሕፃናት መጥረጊያ፣ ሁሉም ይቅር። ያሳከከሽ ነገር ፈንገስ ሳይሆን የሳሙናው ቁጣ ሆኖ የሚገኝበት ጊዜ ብዙ ነው። ያሳክካል፣ ይታጠባል፣ የበለጠ ያሳክካል፣ የበለጠ ይታጠባል። አዙሪት ነው።

እርጎስ?

ጠጪው። መቀባቱ ግን ፈንገስ ስለማዳኑ አስተማማኝ ማስረጃ የለውም።

ወይባ እገባለሁ። ጭሱ ያደርቀዋል ይባላል።

ወይባ ለውበትም ለዘና ማለትም ደስ እንደሚል አውቃለሁ፤ አራስ ሆኜ እኔም ገብቻለሁ። ለፈንገስ ግን ሕክምና አይሆንም። የተቆጣ ቆዳ ላይ ሙቀትና ላብ ሲጨመር ማሳከኩ ይብሳል። እስክትድኚ ተይው።

ፈንገስ እርሾ ነው አሉኝ። እንጀራ ልተው? ስኳርስ?

እንጀራሽን ብዪ። የሊጡ እርሾ ብልት ውስጥ አይገባም። ሻይ ላይ ስኳር መቀነሱ ለሌላ ነገር ይጠቅምሻል፤ ጤነኛ ሴት ላይ ፈንገስ ያስቀራል ማለት ግን አልችልም።

የደም ስኳር ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ፈንገስ እየተመላለሰባት መጥታ ስኳር በሽታ እንዳለባት ያወቀች ሴት ጥቂት አይደለችም። ስለዚህ የሚደጋገምባት ሁሉ ደም ስኳሯን ትለካ። የኤችአይቪ ምርመራም አብሮ ይደረግ፤ ሰውነት ሲዳከም ፈንገስ ይደፍራል። የስኳር በሽታ ኖሮባችሁ ኢምፓግሊፍሎዚን ወይም ዳፓግሊፍሎዚን የጀመራችሁም አላችሁ። እነዚህ ስኳርን በሽንት ስለሚያስወጡ ለብልት ፈንገስ ያጋልጣሉ። መድኃኒቱን በራሳችሁ አታቋርጡ፣ ላዘዘው ሐኪም ንገሩት።

አንቲባዮቲክም አለ። ጉሮሮ በቆረቆረን ቁጥር አሞክሲሲሊን የመግዛት ልማዳችን ጥሩዎቹን ባክቴሪያዎች አብሮ ይጠርጋል። ከዚያ በሳምንቱ «ፈንገስ ያዘኝ»። በሐኪም ካልታዘዘ አትዋጡ።

ባለቤቴ «ከየት አመጣሽው?» ይለኛል። ቤታችን ሊፈርስ ነው።

ይህን አንብቢለት። የብልት ፈንገስ የመማገጥ ምልክት አይደለም። ፈንገሱ ብዙ ጤነኛ ሴቶች ላይ ሳያውክ ይኖራል፤ ሚዛኑ ሲዛባ ነው የሚበዛው። ወንድ ነክቷት የማታውቅ ልጃገረድም ይይዛታል። ከአራት ሴቶች ሦስቱ በሕይወታቸው ቢያንስ አንዴ ይይዛቸዋል። እሱ ብልቱ ጫፍ ላይ ካልቀላና ካላሳከከው መታከም አያስፈልገውም፤ እሱን ማከሙ ያንቺን መመላለስ አያስቀርም። ማሳከክ ካለው ግን ይታይ።

አብራችሁ ኮንዶም የምትጠቀሙ ከሆነ ደግሞ ልብ በሉ፦ የሚቀባውና በብልት የሚገባው የፈንገስ መድኃኒት ቅባትነት ኮንዶሙን ሊያሳሳው ይችላል።

የአምስት ወር እርጉዝ ነኝ። እህቴ የተረፋትን ኪኒን ሰጠችኝ።

አትዋጪው። ፍሉኮናዞል ለእርጉዝ አይመከርም። ላንቺ የሚሆነው እንደ ክሎትሪማዞል ያለ በብልት የሚገባ መድኃኒት ነው፣ ለ7 ሌሊት። የእርግዝና ክትትል ስትሄጂ ንገሪያቸው።

ጅዳ ሰው ቤት ነው የምሠራው። ሙቀቱ ከባድ ነው፣ ዩኒፎርሙ ናይለን ነው፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቆሜ ነኝ። ማዳሜን ሐኪም ቤት ውሰጂኝ ለማለት አፍራለሁ።

እናቴ፣ ይገባኛል። በእጅሽ ካለው እንጀምር። ፓንትሽ ጥጥ ይሁን። ሁለት ብቻ ካለሽም እኩለ ቀን ላይ ቀይሪና የላበውን ወዲያው እጠቢው፤ በደንብ ይድረቅ። ማታ ያለ ፓንት ተኚ፣ ቀሚስ ይበቃል። ጠባብ ታይት ከውስጥ አትደርቢ።

ፋርማሲ ከደረስሽ በአረብኛ «ፉጥሪያት መህበሊያ» በዪ፤ የብልት ፈንገስ ማለት ነው። ከዚህ በፊት ተመርምረሽ የምታውቂው ያው ምልክት ከሆነ ክሎትሪማዞል መሞከር ይቻላል። ትኩሳት፣ ከእንብርት በታች ሕመም፣ መጥፎ ሽታ፣ ቁስል ወይም ደም ካለ ግን ክሬም አይበቃም። የወር አበባሽ ከቀረም እንደዚያው። ያኔ ለማዳሟ «ሆዴን አሞኛል» በዪ። ውሸት አይሆንም፤ ሐኪሙ ፊት ስትደርሺ ሁሉንም ትነግሪዋለሽ።

58 ዓመቴ ነው፤ ሜሪላንድ ነው የምኖረው። የወር አበባዬ ከቆመ ቆይቷል። ከውጭ ያሳክከኛል፣ ይደርቀኛል። ከሱቅ የምገዛው ክሬም አልረዳኝም።

እትዬ፣ በእርስዎ ዕድሜ ሆርሞን የማይወስዱ ከሆነ ፈንገስ ብዙም አይጠበቅም። ድርቀቱ ኢስትሮጅን በመቀነሱ የመጣ ሊሆን ይችላል፤ ለእሱ ራሱን የቻለ ሕክምና አለው። ላይከን ስክለሮሰስ የሚባል የቆዳ ሕመምም አለ። ከንፈሩ ላይ ነጣ ያለ፣ የሳሳ ቆዳ ያመጣል፤ በጣም ያሳክካል። ሳይታከም ከቆየ ጉዳት አለውና ክሬም መቀያየሩን ትተው ለማህፀን ሐኪም ያሳዩት። ምናልባት ተመርምሮ ተመላላሽ ፈንገስ ከሆነ፣ በ2022 አሜሪካ ውስጥ የተፈቀደ ኦቴሴኮናዞል የሚባል መድኃኒት አለ። መውለድ ለማይችሉ ሴቶች ብቻ የተፈቀደ ነው፤ ስለ እሱ ሐኪምዎን ይጠይቋቸው።

የስድስት ዓመት ልጄን ያሳክካታል። የኔን ክሬም ልቀባት?

አትቀቢያት። ትንሽ ልጅ ላይ ፈንገስ ብርቅ ነው። ብዙ ጊዜ የገላ ሳሙና ነው፣ ወይም ማታ ማታ ፊንጢጣ የሚያሳክከው ክር የመሰለ ነጭ ትል። ፈሳሽ፣ ደም ወይም ሽታ ካለ በዚያው ቀን ውሰጃት። ሳታስፈራሪያትም የነካት ሰው እንዳለ ጠይቂያት።

ወደ ካንሰር ይቀየራል? መካንስ ያደርጋል?

ሁለቱንም አያደርግም። ግን ፈንገስ ነው እያላችሁ ዝም ያላችሁት ፈሳሽ ጨብጥ ወይም ክላሚዲያ ከሆነ የማህፀን ቱቦ ሊዘጋ ይችላል። ከግንኙነት በኋላ ደም ካያችሁ፣ ወይም ፈሳሹ የሚከረፋና ደም የቀላቀለ ከሆነ የማህፀን በር ይታይ። ከ30 እስከ 49 ዓመት ያላችሁ ምልክት ባይኖራችሁም በጤና ጣቢያ የማህፀን በር ካንሰር ቅድመ ምርመራ ጠይቁ። ጥቂት ደቂቃ ነው።

መምጣት እፈልጋለሁ፤ ግን መርማሪው ወንድ ቢሆንስ? ደግሞስ ምን ይዤ ልምጣ?

ካርድ ክፍል ላይ «ሴት ባለሙያ እፈልጋለሁ» በዪ። ነውር አይደለም፣ በየቀኑ የሚጠየቅ ነው። የወር አበባ ላይ ካልሆንሽ ይሻላል። ከመምጣትሽ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ክሬም አትቀቢ፣ ናሙናውን ያበላሸዋል። ተጣጥበሽ ሽቶ ነስንሰሽ አትምጪ፤ ማየት የምንፈልገው እንዳለ ነው። እስካሁን የዋጥሽው ሁሉ ስሙ ከጠፋብሽ ደግሞ ባዶ ማሸጊያዎቹን ሰብስበሽ በላስቲክ ይዘሻቸው ነይ።