ልጆች ይዞ ለሚመጣ ሰው፣ የአዋቂዎች ብቻ ባር ይጠቅማል?

ሰላም እህቴ። ጣና ዳር ያሉ የቤተሰብ ሪዞርቶች ልጆች የማይገቡበት ባርና ላውንጅ ቢኖራቸው ጥሩ ነው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ቢኖራቸው ደስ ይለኛል።

ባለፈው ፋሲካ ባሕር ዳር ልጆቼን ይዤ አንድ ቦታ አርፈን ነበር። ባሩ ከልጆቹ መጫወቻ ጋር ተያይዟል። አመሻሹ ላይ ሙዚቃው ተለቀቀ፣ ቢራው በዛ። አንዱ ሰካራም የስድስት ዓመት ልጄን እጇን ይዞ "ነይ እንጨፍር" አላት። ልጅቷ ደንግጣ አለቀሰች። ጠዋት በጀልባ ወደ ዘጌ ልንሄድ አስበን ነበር፤ ሌሊቱን ግን ማን ተኝቶ!

ደግሞ ሕጉም አለ። የ2011 ዓ.ም. የምግብና መድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥ ይከለክላል። ለብቻው የሆነ ባር ለአስተናጋጁም ቁጥጥሩን ያቀልለታል።

ግን አንድ ነገር እፈራለሁ። ለአዋቂ ተብሎ የሐይቁ ምርጥ ዳርቻ እንዳይታጠር። ፀሐይ ስትጠልቅ ታንኳውንና ይብራዎቹን ማየት ለልጆችም ይገባል። ባሩ ወደ ውስጥ ገባ ቢል ምን አለበት?

ልጆቹን የሚጠብቅ ሰውም ያስፈልጋል፤ ውሃው ቅርብ ነው። እኔና ባለቤቴ ወደ ባሩ በተራ ነው የምንገባው። ክፍል ከመያዝሽ በፊት ደውለሽ ባሩ ከመኝታው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሙዚቃው በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ ጠይቂ።