ቀለምን ለትንንሽ ልጆች ማስተማር፦ ጥያቄ ክፍት ነው

መምህር፦ እንዴት አመሻችሁ? ቱሉ ዲምቱ አካባቢ ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ሥዕል አስተምራለሁ። ስለ ቀለም ያላችሁን ጠይቁ። አስቀድሜ አንድ ነገር ልበል። ከቤት እድሳት የተረፈ ቀለም ለልጅ አትስጡ። በተለይ የዘይት ቀለም ሊድ የሚባል ብረት ሊኖርበት ይችላል። ሊድ የሕፃን አእምሮ ይጎዳል።

የአባዶ እናት፦ መምህር፣ ልጄ 2ኛ ክፍል ናት። በየትኛው ቀለም ብጀምርላት ይሻላል?

መምህር፦ ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። ሌላውን ደብቂው። 12 ቀለም ያለው ፓኬት ከሰጠሻት አረንጓዴውን አንስታ ትቀባለች፣ አለቀ። ሦስት ብቻ ካላት ግን አረንጓዴን ራሷ መፈለግ አለባት። ሰንደቅ ዓላማችንን ትሳል። ቀዩና ቢጫው አላት፣ የመሃሉ ክብ ሰማያዊ ነው። አረንጓዴውን ግን ደባልቃ ታምጣ። ቢጫውን አስቀድማ ሰማያዊውን በጠብታ ትጨምር። ሰማያዊ ጉልበተኛ ነው፤ ከበዛ የቢጫው ድራሹ ይጠፋል።

ዳኒ ማተሚያ፦ ይቅርታ መምህር፣ ይሄ የድሮ ትምህርት ነው። እኛ ማተሚያ ቤት የምንጠቀመው ሳያን (ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ)፣ ማጀንታ (ወደ ሐምራዊ የሚያደላ ደማቅ ሮዝ)፣ ቢጫና ጥቁር ነው። ከቀይና ከሰማያዊ ደህና ሐምራዊ አይወጣም።

መምህር፦ ልክ ነህ፣ ድፍርስ ያለ ነው የሚወጣው። ቀዩ ወደ ብርቱካን ካደላማ ጭራሽ ቡናማ ይሆናል። ግን ሰፈር ሱቅ ማጀንታ ብለህ ጠይቅ እስቲ።

ስልክ ጠጋኙ፦ ስክሪን ላይ ደግሞ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ነው እኮ! የቱን እንመን?

ዳኒ ማተሚያ፦ እሱ ብርሃን ነዋ። ብርሃን ሲደመር ይነጣል፣ ቀለም ሲደባለቅ ይጠቁራል።

ስልክ ጠጋኙ፦ ታዲያ ለልጆቹ ለምን በስልክ አናሳያቸውም?

መምህር፦ ጎበዝ፣ የምናወራው ስለ 7 ዓመት ልጅ ነው። እጁ ካልተጨማለቀ አይገባውም። ቀጣይ።

የኮዬ መምህርት፦ 60 ተማሪ አለኝ። ትምህርት ቤቱ ቀለም አይገዛም። ምን ይሻለኛል?

መምህር፦ ይቺን ነበር የምጠብቀው! እግርሽ ሥር ያለውን ተጠቀሚ። የእኛ ሰፈርም፣ አቃቂም አፈሩ መረሬ ነው፣ ጥቁሩ አፈር። ወደ እንጦጦ በኩል ዘመድ ያለው ልጅ ደግሞ ቀይ አፈር ያመጣል። ሕንፃ የሚቆፈርበት ቦታ የወጣውን ክምር እዪው፤ ሌላ ሌላ መልክ አይጠፋውም። ልጆቹን ግን ወደ ጉድጓዱ አታስጠጊ፣ አንቺው ሂጂ።

ፀሐይ ላይ አድርቂው፣ አድቅቂው፣ በወንፊት ንፊው። ለሁለት ማንኪያ አፈር አንድ ማንኪያ ነጭ ኮላ፣ ውሃ ጠብ ጠብ እያደረግሽ ማሺው። መረሬ ወረቀት ላይም ሲደርቅ ይሰነጠቃል፤ ስለዚህ ኮላውን ጨመር አድርጊ፣ በስሱ ይቀቡት። ቀዩን ያቀላው ዝገት ነው፣ አፈሩ ውስጥ ያለው ብረት። ቢጫ አፈር ከቀናሽ በብረት ምጣድ ጠንካራ እሳት ላይ ቁዪው። የያዘው ውሃ ሲወጣ ወደ ቀይ ይለወጣል። ልጆች ራቅ ብለው ይዩ፤ ጩኸታቸውን ብቻ ቻዪው። ለጥቁሩ ከሰል ፈጭተሽ ጨምሪ።

ከዚያ የመጣውን ሁሉ ከደማቁ እስከ ፈዛዛው በተርታ ያስቀምጡት። ቡናማ አንድ ቀለም ብቻ እንዳልሆነ ያኔ ያዩታል። ይሄን በ12 ቀለም ፓኬት አታገኚውም።

ሰላም ነኝ፦ እርድስ ይሆናል?

መምህር፦ እንዴታ! በውሃ በጥብጠሽ ወረቀት ቀቢ። ሲደርቅ በልብስ ሳሙና ውሃ በተነከረ ጥጥ ይሳሉበት፤ ቀላ ያለ ቡናማ ይወጣል። ሎሚ ሲነካው ወደ ቢጫ ይመለሳል።

የአባዶ እናት፦ ኑሮ እንዲህ በተወደደበት እርድ ወረቀት ላይ? ኧረ ነውር ነው።

ሰላም ነኝ፦ እህቴ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው እኮ። ወጥ አላልንም።

የአባዶ እናት፦ ዛሬ አንድ ማንኪያ፣ ነገ ዱቄት፣ ከነገ ወዲያ እንቁላል።

መምህር፦ የማትፈልጊ አፈሩን ተጠቀሚ። በቃ።

አባ ቢኒ፦ ልጄ ቀለም አልገባው አለ። ምን ላድርግ?

መምህር፦ ስንት ዓመቱ ነው? የቀለሙ ስም ነው የጠፋበት ወይስ ዓይኑ ያምታታል?

አባ ቢኒ፦ 8። ቀይና አረንጓዴ ይምታቱበታል።

መምህር፦ ይሄን መጀመሪያ አትናገርም? ዓይን ሐኪም ጋ ውሰደው። በዘር የሚመጣ ሊሆን ይችላል፤ ከሴት ይልቅ ወንድ ላይ ይበዛል። ስንፍና አይደለም፣ እንዳትቆጣው። እርሳሶቹ ላይ የቀለማቸውን ስም ጻፍለት።

ቶማስ፦ የ3ኛ ክፍል የክወናና እይታ ጥበባት መጽሐፍ ፒዲኤፍ ያለው?

መምህር፦ እኔ ጋ የለም።

አዲስ ገቢ፦ ሰላም መምህር፣ በየትኛው ቀለም ልጀምር?

መምህር፦ ከላይ አንብብ።

አዲስ ገቢ፦ እሺ። ቤት ስናሳድስ የተረፈ ቀለም ነበረኝ፣ ለክፍሉ ልስጠው?

መምህር፦ የመጀመሪያውን መልእክቴን ማንም አላነበበም ማለት ነው! አይሆንም። በውሃ የሚቀጥን ቢሆንም፣ አዲስ ቢሆንም አይሆንም። ለልጆች ተብሎ ያልተሠራ ቀለም ክፍሌ አይገባም።

የኮዬ መምህርት፦ ወንዶቹ ልጆች ለእንቁጣጣሽ የሚያዞሩትን ሥዕል በአፈር ቀለም ቢሠሩትስ?

መምህር፦ ግሩም ነው። አሁን የታተመ ገዝተው ነው የሚያዞሩት፤ እኔ ቤት በዚያ ለሚመጣ ሳንቲም አልሰጥም። ለአደዩ ብቻ ደማቅ ቢጫ ያስፈልጋቸዋል፤ እርድ አድርጊበት፣ የአባዶ እናት ይቅር ትበለን። ግን ፀሐይ ያደበዝዘዋል፤ በዋዜማው ይቀቡት።

ዳኒ ማተሚያ፦ እኛ ጋ የሚጣል ቁራጭ ወረቀት ሞልቷል። ማጀንታም ትንሽ አለች። ላምጣ?

መምህር፦ ወረቀቱን አምጣ። የማተሚያ ቀለሙን እዚያው ተወው።